አዳዳ ሙሚና ያስቀሩት ሠርግ

ሳጂዳ ዓሊዩ በሕይወቷ ከዋሸቻቸው ውሸቶች ሁሉ ትልቁን የዋሸችው ስለ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። ጭሮ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ዕድሜዋም አሥራ ዘጠኝ። በዕረፍት ሰዓት ሴቶቹ ከክፍሉ ጀርባ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ሥር ተደርድረው ይቀመጡና አንዷ የሌላዋን ልብ ታወጣጣለች። ያን ቀን ሁሉም በተራ የሚወዱትን ሰው ስም ተናግረው ሲያበቁ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺስ? ዛሬ ማምለጫ የለሽም።»

«ማንም የለም» ብትል የሚያምናት የለም፤ ስንት ጊዜ ብላዋለች። ዝም ብትል ደግሞ ዝምታዋን እንደየፍላጎታቸው ይፈቱታል። ያን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ።

«ሳቢት» አለች።

ልጆቹ በእልልታ አቀለጡት። ሳቢት ከአስፋልቱ እስከ ላይኛው ሰፈር የሚመላለስ፣ ባጃጁን እንደ ሙሽራ የሚያጥብና የሚወለውል ጨዋ ልጅ ነበር። ሳጂዳ ሁለት ጊዜ ተሳፍራለታለች፤ «እዚህ ጋ ወራጅ አለ» ከማለት በቀር ቃል ተናግራው አታውቅም። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ጥያቄው ስለቆመላት ውሸቷን ወደደቻት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ትዝ ያላት በኋላ ነው።

እውነቱ ሌላ ነበር። እውነቱ እዚያው ግድግዳ ሥር፣ አጠገቧ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥ ነበር።

ኡምኩልሱም ከሌላ ወረዳ፣ ከመሰላ የመጣች ልጅ ናት። ለትምህርት ብላ ጭሮ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ረጅም ናት፤ ስትስቅ ሳቋ ከአፏ በፊት ትከሻዋ ላይ ይጀምራል። ግራኝ ናት። ዴስኩ ላይ ሳጂዳ በግራ፣ እሷ በቀኝ ስለሚቀመጡ ሁለቱ በጻፉ ቁጥር ክርኖቻቸው ይጋጫሉ። የሒሳብ መምህራቸው ጋሽ አጥናፉ አንድ ቀን «እናንተ ልጆች፣ ቦታ ብትቀያየሩ እኮ ክርኖቻችሁ ይታረቃሉ» ቢሏቸው ክፍሉ ሳቀ። ኡምኩልሱም ልትነሳ ስትል ሳጂዳ እጅጌዋን ያዝ አድርጋ «ተይው፣ ለምደነዋል» አለቻት። ለምን እንዳለቻት ያን ዕለት አልገባትም። ቤት ስትገባ ግን ክርኗን ደጋግማ ነካችው።

በ2012 መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ኡምኩልሱም ልብሷን በፌስታል፣ ደብተሮቿን በጆንያ አድርጋ ሚኒባስ ስትሳፈር ሳጂዳ ልትሸኛት መናኸሪያ ሄደች። «አሥራ አምስት ቀን ነው የተባለው» አለች ኡምኩልሱም። ሁለቱም አመኑት።

እነ ሳጂዳ ቤት ውስጥ የዘጠና ዓመት ሰው የሚመስሉ፣ ግን ሰባ ያልሞላቸው በሽተኛ ነበሩ። የአባቷ ታላቅ እህት ሙሚና ናቸው። የአባት እህት በኦሮምኛ «አዳዳ» ትባላለችና ቤተ ሰቡም ጎረቤቱም አዳዳ ሙሚና ይላቸዋል። ሂርና ገበያ ላይ ሠላሳ ዓመት ጫት የሸጡ፣ ሁለት ባል ያገቡና ሁለቱንም የፈቱ፣ ወንድ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ምላሳቸውን የሚፈሩት ሴት ነበሩ። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታቸው። ወንድማቸው ዓሊዩ አምጥተው ቤታቸው አስተኟቸው። የጭሮ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዳሻው እጅና እግራቸውን እንዴት እንደምታሠራ ለሳጂዳ አንድ ጊዜ አሳያት። ከዚያ ኮሮና መጣና መመላለሱም ቀረ።

እናቷ ሰርካ የውጭውን በር ቆለፈችው። «አንድ ሰው ውጭ ወጥቶ ቢመለስና በሽታውን ቢያመጣባት፣ አዳዳን ገደልናት ማለት ነው» አለች። ትክክል ነበረች። አባቷ የወረዳ መሥሪያ ቤት ሾፌር ስለሆኑ ከመውጣት አልዳኑም፤ ሲመለሱም በረንዳው ላይ ነው የሚያድሩት። ሳጂዳ ግን አልጋዋን ወደ አዳዳ ክፍል አዛወረች። ከዚያ ወዲያ ዓለሟ ያ ክፍልና ቆርቆሮ አጥር የከበባት ግቢ ሆነች።

መጀመሪያ ጥናት ሞከረች። ቀጥሎ ከበር እስከ ውኃ ሮቶው ያለውን እርምጃ ቆጠረች፤ ሠላሳ አንድ ነው። የጣራውን ምስማር ቆጠረች። ማውራት ሲያምራት የባዮሎጂ መጽሐፏን ጮክ ብላ ለአዳዳ ታነብላቸው ጀመር። የአዳዳ ምላስ ተኮላትፎ ነበር፤ ነገራቸው ግን አልተኮላተፈም።

«የሰው ልብ አራት ክፍሎች አሉት» ብላ አነበበች አንድ ቀን።

«አራት?» አሉ አዳዳ። «አራት ክፍል እያለው ነው የኔ ሁለተኛው ባል አንድ እንግዳ የማያሳድረው?»

ሳጂዳ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስደግፋ እስክታነባ ሳቀች። በዚያ ቤት የቀኑ ትልቁ ደስታ እሱ ነበር።

ሌላው ደስታ በሳምንት አንዴ የሚመጣ ነው። ኡምኩልሱም ያለችበት ቀበሌ ኔትወርክ አይዝም። ሐሙስ ሐሙስ ከእናቷ ጋር መሰላ ገበያ ስትወጣ በወንድሟ ስልክ ትደውላለች። ሳጂዳ ከጠዋት ጀምሮ የእናቷን ስልክ ትጠብቃለች፤ ቻርጁን ታያለች፤ ድምፁ ተዘግቶ እንደሆነ ትነካካዋለች። ሲደወል ወደ ሮቶው ጥግ ትሄዳለች። የሚያወሩት ተራ ነገር ነው። የታመመ ጥጃ፣ የተበላሸ ሬዲዮ፣ የጋሽ አጥናፉ አነጋገር። ስልኩ ሲዘጋ ግን ግቢው ሰፍቶ ይታያታል።

አንድ ሐሙስ ስልኩ አልጮኸም። በሚቀጥለውም አልጮኸም። በሦስተኛው ሐሙስ ሳጂዳ የቀረበላትን ምሳ ሳትነካው ተነሣች። ልብስ ልታጥብ ተቀመጠችና አረፋው እጇ ላይ እስኪደርቅ ፈዘዘች። በዚያች ቅጽበት ነው ነገሩ ድንገት ግልጽ ያለላት። ልጆቹ ግድግዳው ሥር ሲያወሩት የነበረው፣ የሚወዱት ሰው ድምፁ ሲጠፋ እህል የሚያስጠላው ነገር፣ እሷም ዘንድ አለ። ሲኖር ኖሯል። የያዘው ስም ግን የወንድ አይደለም። ወደ ኋላ ብታስብ ለወንድ ሆኖ አያውቅም።

እንዲህ ላለ ሰው የሚሰጠውን ስም ታውቃለች፤ ትምህርት ቤት ሲሳደቡበት ሰምታለች። ያ ስድብ እኔ ነኝ እንዴ? ብላ ራሷን ጠየቀች። ቀኑን ሙሉ ራሷን በዚያ ስድብ ውስጥ ፈለገች። የመምህራኑን ቁጣ፣ የወንዶቹን ሳቅ፣ የእናቷን ድንጋጤ በዓይነ ሕሊናዋ አየች። እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ግን እሷን አይመስልም። እሷ አንዲት ልጅ ደኅና መሆኗን ማወቅ ብቻ የፈለገች ሰው ናት። ሰገደች፤ ሱጁድ ላይ ብዙ ቆየች። ምን ብላ ዱዓ እንደምታደርግ ጠፍቷት «ያ ረቢ፣ አንተ ታውቃለህ» ብቻ አለች። ቀና ስትል አዳዳ ሙሚና ከአልጋቸው ላይ ሆነው ያዩዋት ነበር።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አሏት።

«ምንም፣ አዳዳ። ራሴን አሞኝ ነው።»

«እሺ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሳጂዳ ግድግዳው ሥር የጣለቻት ስም ከልጅ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ጎረቤት እየተንከባለለች ሳቢት ቤት መግባቷን የሰማችው ሰኔ ላይ ነው፤ ያውም ከሽማግሌዎች አፍ። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሦስት ሰዎች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው በሩን አንኳኩ። ዓሊዩ በረንዳው ላይ ተራርቀው እንዲቀመጡ አደረጉ። የሽማግሌዎቹ አውራ አባ ሙሜ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጃችን ሳቢት ሠርቶ አዳሪ ነው፤ ሱስ የለበት፣ ነገር የለበት። ልጅቷም እንደምትወደው ሰምተን በደስታ ነው የመጣነው። እንግዲህ ልጅዎን ለልጃችን ይበሉን» አሉ።

ሳጂዳ ከአዳዳ አልጋ አጠገብ ባለው መስኮት ሥር ቆማ ትሰማለች። አባቷ ፊታቸው በርቷል፤ ልጁን ያውቁታል፣ ይወዱታል። እናቷ ወደ ውስጥ ገባ ብላ «አንቺ ሌባ፣ እኔን ሳትነግሪኝ!» እያለች ጉንጯን በፍቅር ቆነጠጠቻት። አልወደውም ብትል «ታዲያ ለምን አልሽ?» ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጥያቄ ማሰብ አልቻለችም። ራሷ የሸመነችው ገመድ ነውና ማን ላይ ትጮኻለች?

አባቷ «ልጄ ከፈቀደች እኔ ምን እላለሁ…» ብለው ሳይጨርሱ ከውስጥ አንድ ጩኸት መጣ።

«ዓሊዩ!»

አዳዳ ሙሚና በግራ ክርናቸው ተደግፈው ከአልጋቸው ቀና ብለው ነበር። ድምፃቸው ተንጋዶ፣ ግን የሂርና ገበያን ከዳር ዳር የሚያዳርሰው ኃይሉ ሳይጠፋ ወጣ።

«እኔን ማን ያገላብጠኛል? ማን ያጥበኛል? ይህች ልጅ እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ቤት አትወጣም!»

«እትዬ፣ ሠራተኛ እንቀጥራለን…» አሉ ዓሊዩ አንገታቸውን ደፍተው።

«የቅጥር እጅ ገላዬን አይነካም! ስሞት ቅበሩኝና ያኔ ዳሯት። እናንተም ሰዎች፣ የኔን ሞት መጠበቅ ከቻላችሁ ጠብቁ!»

ዓሊዩ ገና ድክ ድክ ሲሉ እናታቸው ሞተው፣ በጀርባቸው አዝለው ጫት እየሸጡ ያሳደጓቸው እኚሁ እህታቸው ናቸው። የእህታቸውን ቃል መተላለፍ አይሆንላቸውም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አባ ሙሜ ማስካቸውን መለሱ፤ «አላህ ያሽራቸው» ብለው ተነሡ።

ሳጂዳ ትራስ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ሳቀች፤ ከዚያ በመሳቋ አፈረች። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሰፈሩ ሁሉ «አሮጊቷ የልጅቱን ዕድል በላች» ይል ጀመር። እናቷ በብስጭት ዕቃ ታንኳኳለች። ሳጂዳም ቀን በገፋ ቁጥር የአዳዳን ክንድ ስታነሣና ስታጥፍ «እኔ በሕይወት እያለሁ» የሚለው ቃል ይከነክናታል። ሠርጉ ቀርቶላታል፤ ግን በሩ ከውጭም ከውስጥም ተቆልፎባታል። ለመጀመሪያ ጊዜ አዳዳን ጠላቻቸው። እጇ ግን ሥራውን አላቆመም። በነሐሴ አዳዳ በቀኝ እጃቸው የሎሚ ፍሬ ጨበጡ፤ እሷም ጥላቻዋን ረስታ ጮኸች።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ተፈታኞች ወደ ትምህርት ቤት እንዲመለሱ ተጠሩ። ሳጂዳ «እኔ እንኳ እቀራለሁ» ብላ ተስፋ ቆርጣ ሳለ አዳዳ «ትሂድ እንጂ። እስከ ቀትር ሰርካ ትበቃኛለች» አሉ። ሰርካ አፏን ከፍታ ቀረች። ሳጂዳም ነገሩ ገረማት፤ የደስታዋ ብዛት ግን እንድታስብበት ጊዜ አልሰጣትም።

በመጀመሪያው ቀን ከሁሉ ቀድማ ደርሳ ቦታዋ ተቀመጠች። በቀኝ በኩል ያለው፣ ከነዚያ ሐሙሶች ወዲህ ያልደወለችው የኡምኩልሱም ቦታ፣ እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ባዶ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ማሚቴ የምትባል የክፍላቸው ልጅ መጥታ ተቀመጠችበትና «አልሰማሽም እንዴ? ኡምኩልሱም እኮ መስከረም ላይ አገባች። እዚያው መሰላ» አለቻት።

ቤት እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም። አዳዳ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሳጂዳ እግራቸው ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋን ለቀቀችው። አዳዳ ያንን ገና የሚንቀጠቀጥ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንሥተው ራሷ ላይ አስቀመጡት። ከባድ ነበር።

«የመሰላዋ ናት?» አሉ።

«አገባች» አለች ሳጂዳ።

«አላህ ትዳሯን ያሳምርላት» አሉ። «አንቺንም ያጽናሽ።»

ያኔ ነው ሳጂዳ ቀና ብላ ያየቻቸው። «አዳዳ፣ ለግማሽ ቀን እኔን ሊለቁኝ ከቻሉ፣ ያን ዕለት ለምን እንደዚያ ጮኹ?»

አዳዳ በጤነኛው የአፋቸው ጥግ ፈገግ አሉ። «ጭንቅላትሽ አሁን ገና ሠራ። ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ገበያ የተቀመጥኩት የሰው ፊት ሳነብ ነው። የሳቢት ስም ሲጠራ ፊትሽ እንደዚያ ቆርቆሮ ነበር። ሐሙስ ስልክ ሲጮኽ ደግሞ አየሁሽ። ሲቀርም አየሁሽ።»

«ታዲያ… አይቆጡኝም?»

«ምን ብዬ? ያለብሽን ነገር ስሙን አልጠይቅሽም፤ የሠራሽ ጌታ ያውቀዋል፣ ከሱ ጋር ተነጋገሪ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። በአሥራ አምስት ዓመቴ ወደማልፈልገው ቤት ገብቼአለሁ። አንድ ሰው እንኳ ‹ተዉአት› ያለልኝ አልነበረም። አንቺ ‹አልፈልግም› ብትዪ ለምን ይሉሻል፤ መልስ የለሽም። እኔ ስል ግን ‹ራስ ወዳድ አሮጊት› ይሉኛል። ይበሉኝ! ከዚህም የባሰ ተብያለሁ።»

ሳጂዳ ጉልበታቸውን አቅፋ ዳግመኛ አለቀሰች፤ ይሄኛው ግን ሌላ ልቅሶ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ብቻዬን ነኝ ስትል፣ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተኝቶ የሚያውቃት ሰው ነበር። አስሮኛል ያለችው ሰው በሯ ላይ ቆሞላት ነበር።

«በይ ተነሺ፤ ክንዴን አሠሪኝ። ፈተናውን ከወደቅሽ ግን እኔው ራሴ እድርሻለሁ» አሉ አዳዳ።

አለፈች። ነጥቧ ዩኒቨርሲቲ ባያስገባትም ጭሮ ውስጥ ነርሲንግ ተማረች፤ ያውም «አዳዳን ትቼ የትም አልሄድም» በሚል ሰበብ። ከሽማግሌዎቹ ወዲህ ሁለት ጠያቂዎች መጡ፤ አዳዳ ሁለቱንም ከአልጋቸው ላይ ሆነው አባረሩላት። በኋላ በምርኩዝ መራመድ ጀምረው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ቶሎ ብለው ተኝተው ያቃስታሉ። ሳጂዳ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። ሳቢት ሌላ ልጅ አግብቶ ባጃጁን በሚኒባስ ቀየረ፤ ሲያገኛት «አዳዳ እንዴት ናቸው?» ብሎ ይጠይቃታል፤ ቂም የለውም። ኡምኩልሱምም የመጀመሪያ ልጇን አዝላ አንድ ቀን መጣች። ሳጂዳ ሕፃኑን አቀፈችው። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቆንጠጥ አደረጋትና ለቀቃት። ምንም አልነገረቻትም፤ መንገርም አላስፈለጋትም። ሲሸኛኙ ግን «አንቺ አጠገቤ ስለተቀመጥሽ ደስ ይለኛል» አለቻት። ኡምኩልሱም የዴስኩን ነገር መስሏት ትከሻዋ ሳቀ።

አዳዳ ሙሚና በ2016 ዓ.ም. አንድ ቀትር ላይ አረፉ። ከሁለት ቀን በፊት ወንድማቸውን ጠርተው ነበር። ሳጂዳ እግራቸውን እያሸች ሰምታለች።

«ዓሊዩ፣ አንድ አደራ አለኝ። ይህችን ልጅ አትግፋት። ማግባት ከፈለገች ዳራት። ካልፈለገች ለምን ብለህ አትጠይቃት። ለኔ ያደረገችው ለመቶ ትዳር ይበቃል።»

ዓሊዩ አደራቸውን በሉ የሚላቸው የለም። ሰው ሲጠይቃቸው «የእህቴ ቃል ነው» ይላሉ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ይዘጋል። በልባቸው ምን እንደሚያስቡ ሳጂዳ አታውቅም። ሰርካ አሁንም አልፎ አልፎ በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ ግን ልጇ በመጣች ቁጥር የምትወደውን የአብሽ ምግብ፣ ሑልበት፣ ሠርታ ትጠብቃታለች።

አሁን ሳጂዳ ሂርና በአንድ ክሊኒክ ነርስ ናት። ስትሮክ የመታው ሰው ሲመጣ ለሷ ይተዉላታል፤ ትዕግሥቷን ያውቃሉና። ከላቦራቶሪው ክፍል ኤደን የምትባል የጭሮ ልጅ አለች። መጀመሪያ የተግባቡት እሑድ ተረኛ ሆነው በሽተኛ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ኤደን ጾም ስትሆን ሳጂዳ ምሳዋን ከጾም ምግብ ታደርጋለች፤ በረመዳን ደግሞ ኤደን ቀኑን ሙሉ በሳጂዳ ፊት ውኃ አትጠጣም። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ሳጂዳ ስለ አዳዳ ታወራላት ነበር፤ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ሐሙሶቹ፣ ሳታስበው ስለ ኡምኩልሱምም። ሰውነቷ እየቀዘቀዘ ጨረሰች። ኤደን የያዘችውን የናሙና መደርደሪያ ቀስ ብላ አስቀመጠችና «እኔ እንደዚያ ያለች አክስት አልነበረችኝም» አለች። «ስላወራሽኝ አመሰግናለሁ።»

ሳጂዳ ጥቂት ጠብቃ «አንቺስ? ያንቺ ኡምኩልሱም ማን ነበረች?» ብላ ጠየቀቻት።

ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ የኤደን ተራ ሆነ። ሲያባራ ሁለቱም ተነሥተው ደጅ ወጡ። የጨርጨር ተራሮች ታጥበው ቅርብ መስለው ይታዩ ነበር፤ አስፋልቱ ላይ ሚኒባሶች ውኃ እየረጩ ወደ ሐረር ያልፋሉ። ሳጂዳ አልሐምዱሊላህ አለች፤ ኤደንም ተመስገን አለች።